ለባዶ ወንበሮች የተሰጠ ትምህርት

ዌይ ላንፋንግ በሚቀጥለው ወር አርባ ዓመት ይሞላታል፤ በበይሃይ ከተማ ምሥራቃዊ ዳር ያለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አርባ የሞላውን ሰው በእንግሊዝኛ መምህርነት አይቀጥርም። ስለዚህም የዘንድሮው ፈተና ለእርሷ የመጨረሻው ነበር። ባሏ ኖንግ ጂያሼንግ በወደቡ ክሬን ያንቀሳቅሳል፤ ልጃቸው ቺንቺን ከአባቷና ከአያቷ ጋር በባሕሩ ዳር ታድጋለች፤ ላንፋንግ ግን የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ በናፖ ተራሮች መካከል ባለ የሙያ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ልጅቱ እናቷን የምታያት በበዓልና በዕረፍት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ላንፋንግ ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ «እማዬ፣ ዛሬ የምን በዓል ነው?» ብላ መጠየቅን ልማድ አድርጋ ነበር። ልጅቱ በየዋህነት ትጠይቃለች፤ እናቲቱ ግን ጥያቄውን በሰማች ቁጥር ውስጧን ይወጋት ነበር።

ፈተናው ለእንግዳ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል፤ ለአገሩ ሰው ግን እንደ ማናቸውም ሥርዓት የተለመደ ነው። ተወዳዳሪው ዕጣ ያወጣል፤ አንድ አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ክፍል ይገባል። በክፍሉ ውስጥ ዳኞች አሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ወንበሮችም በረድፍ ተደርድረዋል። ተማሪ ግን የለም። ተወዳዳሪው ተማሪ እንዳለ አድርጎ ያስተምራል፤ ይጠይቃል፤ ያልተሰጠውን መልስ እንደ ሰማ ሆኖ «በጣም ጥሩ፣ ቁጭ በል» ይላል። ስሙንና የመጣበትን ቦታ መናገር ክልክል ነው፤ በዕጣ የደረሰው ቁጥር ብቻ ይበቃዋል። ሰዓት ያዡ ደወሉን ሲመታ አፉን ይዘጋል።

ላንፋንግ በዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ጊዜ የማይታዩት ተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዞች ሆኑባት፤ የጠየቀቻቸውን ያለ አንዳች ስሕተት መለሱ፤ እርሷም «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለች ጨረሰች፤ ዳኞቹም ገና ከበሩ ሳትርቅ ረሷት። በሁለተኛው ጊዜ፣ ባለፈው ዓመት፣ ደግሞ ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ፣ በክፍሏ እንደ ለመደችው፣ መልሱን ትጠብቅ ጀመር። ዝምታው ረዘመ። በመጨረሻ ከዳኞቹ አንዱ «እንዲያው ለመሆኑ ማን ይመጣል ብለው ነው?» አላት፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ የቀረው ትምህርት ሁሉ ከአንደበቷ ተሰወረ።

በሦስተኛው ፈተና ዋዜማ ጂያሼንግ በቤቱ ያሉትን ወንበሮች ሁሉ ሰብስቦ በሳሎኑ ደረደረ። እናቱ እማማ ሞ በደጃፉ ላይ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጠው፣ በባሕሩ ዳር ሰው የሚበላውን የአሸዋ ትል ያጸዱ ነበር፤ ቀጭኑን ዘንግ በትሉ ውስጥ እየሰደዱ እንደ ካልሲ ይገለብጡታል፤ አሸዋውንም በውኃ ያጥቡታል።

ጂያሼንግ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተዘረጋና «በይ ጀምሪ፤ እኔ ተማሪ ነኝ» አላት።

«ተነሥ። ተማሪ የለም ተብሏል።»

«ታዲያ እኔ የሌለ ተማሪ ነኛ።»

«የሌለ ተማሪ ኦቾሎኒ አይቆረጥምም።»

«እኔስ እማዬ?» አለች ቺንቺን ከሌላው ወንበር ላይ። «እኔም የለሁም?»

«አንቺም የለሽም። ውረጂ።»

ቺንቺን ይህን እንደ ትልቅ ሹመት ቆጥራ «የለሁም! የለሁም!» እያለች ወደ ጓሮ ሮጠች። ላንፋንግ ፊቷን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች መልሳ ማስተማር ጀመረች። ድምፅዋ ወዲያው ቀጠነ። ሳትጨርስ ታቆማለች፤ እንደገና ትጀምራለች፤ የጀመረችውን ደግሞ ትረሳለች። እማማ ሞ ዘንጋቸውን እንደ ያዙ ቀና ብለው አዩአት። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም።

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከተማሪዎቹ ጋር ነዋ፣ እማማ።»

«ከየትኞቹ?»

«ከ… የሉም እኮ። እንዲሁ በሐሳብ ነው።»

«ስማቸውስ ማን ነው?»

«ስም የላቸውም። አንዱን ሊ፣ አንዱን ዋንግ እላቸዋለሁ።»

«እኮ! ድምፅሽ የትንኝ ድምፅ የሆነው ለዚህ ነው» አሉ እማማ ሞ።

ጂያሼንግ ሳቀ። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የዩኒቨርሲቲ ዳኛ የሆንሽው?»

«ዝም በል፣ አንተ ኦቾሎኒህን ብላ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማላየው ስናገር ነው የኖርኩት፤ ማንም አልሳቀብኝም።»

እውነታቸውን ነው። እማማ ሞ የዌይዦው ደሴት ልጅ ናቸው፤ በዚያች ደሴት ከባሕር ድንጋይ የተሠራች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በእርሷ ተጠምቀው፣ በእርሷ ቈርበው፣ በእርሷ ተድረው ነው ወደ ከተማ የመጡት። ባላቸውን ዓሣ ሊያጠምድ እንደ ወጣ ባሕር ካስቀረው ብዙ ዓመት ሆኗል። ዛሬም ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በመስኮቱ ሥር ተንበርክከው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይጸልያሉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ትሉን በውኃው ውስጥ እየነከሩ። «እኔ ‹ለሙታን ሁሉ› ብዬ በጅምላ ጸልዬ አላውቅም። በጅምላ የተጠራ ሰው ማን ‹አቤት› ይላል? የጂያሼንግን አባት በስሙ ነው የምጠራው። ስጠራው ሳሉ ይሰማኛል፤ ያ የትምባሆ ሳሉ። የማይታይ ነገር ሁሉ የለም ማለት አይደለም። እውነት የሌለውን ግን ሌሊቱን ሙሉ ብትለምኚው አይመጣልሽም። ያሉትን ጥሪ።»

«ያሉት እኮ ናፖ ናቸው፣ እማማ።»

«የእኔም ሰው ባሕር ውስጥ ነው። ርቀቱን ምን አመጣው?»

ጂያሼንግ መቆርጠሙን አቆመ። ላንፋንግ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አልተለማመደችም። ትሉ በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ቀረበ፤ ሁሉም በሉ፤ «የለሁም» ያለችው ቺንቺን ከሁሉ የበለጠ በላች።

በማግሥቱ ጠዋት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ስልካቸውን አስረክበው በአንድ ጠባብ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ የመጣው ሰው ግን አዳራሹን ሞልቶታል። ከላንፋንግ አጠገብ ታንግ ዙዎ የሚባል፣ በእንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ተቀምጧል። ልብሱ የሙሽራ ልብስ ይመስላል፤ አንድ ጉልበቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ መንቀጥቀጡን አላቆመም። የዕጣው ሳጥን ሲዞር እርሷም እርሱም እጃቸውን ሰደዱ።

«ስንት ደረሰሽ፣ እትዬ?»

«ስምንት።»

«ስምንት! የሲሳይ ቁጥር!» ካለ በኋላ በጣቱ ቆጥሮ ፊቱ ጠቆረ። «ቆይ ቆይ… ከምሳ በፊት የሚገቡት ሰባት ናቸው። ስምንተኛው እኮ ከቀትር እንቅልፍ በኋላ የመጀመሪያው ነው!»

ይህን የሰማ ሁሉ ዞሮ ላንፋንግን እንደ ኀዘንተኛ አያት። አንዲት ሴት «ውይ፣ የእኔ እኅት» ብላ ከረሜላ አቀበለቻት።

«የባሰ ዕጣ የለም» አለ ታንግ። «ዳኞቹ የትራሱ ጥለት ጉንጫቸው ላይ ታትሞ ነው የሚመጡት። አምና ጓደኛዬ በዚህ ሰዓት ቢገባ፣ አንዱ ዳኛ ‹እዚያ ጋ አስቀምጠው› አሉት። ሻይ ያመጣ መስሏቸው ነው።»

«የአንተስ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ። ይሻላል፤ አንቺ ትቀሰቅሺልኛለሽ።»

«እሺ፤ ቀስቅሼ፣ ፊታቸውን አጥቤ አስረክብሃለሁ።»

ታንግ ሳቀ፤ ጉልበቱም ለጊዜው ጸጥ አለ።

ቀትር ሆነ። ሩዙና የዳክዬ ጥብሱ በየካርቶኑ ታደለ። ከዚያ በኋላ በግቢው ሁሉ የታጣፊ አልጋ ሲዘረጋ ተሰማ፤ መጋረጃዎች ተሳቡ፤ በየኮሪደሩ መብራት ጠፋ፤ ከዛፎቹ ላይ ከሚጮኹት ነፍሳት በቀር ድምፅ የሚያሰማ ፍጡር አልቀረም። በአዳራሹም ተወዳዳሪዎቹ ግንባራቸውን በክንዳቸው ላይ አድርገው ተኙ። ታንግም ክራቫቱ እንዳይጨማደድ በትከሻው ላይ ጥሎ አንቀላፋ። የአዳራሹ ጠባቂ በእግር ጣቷ እየተራመደች መጥታ የላንፋንግን ጽሑፍ በፊቷ አኖረችላት፤ በምልክት «አይዞሽ» አለቻትና ሄደች።

ጽሑፉ ስለ አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንዲት አሮጊት ከሩቅ እጇን እያውለበለበች ስትመጣ ያያል፤ ይቆምላታል፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ግን ሥራ ሊረፍድባቸው ነውና ያጉረመርማሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ላንፋንግ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች። በፊቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተኙ ራሶች ብቻ ይታያሉ። ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ተወዳዳሪ ጉንጯን በክንዷ ላይ አሳርፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታ ነበር፤ እርሷን ባየች ጊዜ ላንፋንግ ሹዌሜይን አስታወሰች። ሹዌሜይ በናፖ ክፍሏ ውስጥ ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ፣ ከእናቷ ጋር ጎህ ሳይቀድ ቶፉ ሠርታ ገበያ አድርሳ የምትመጣ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜም የምትተኛ ልጅ ናት። ሹዌሜይን ተከትሎ ዳሃይ መጣ፤ ረጅሙ፣ ቀልደኛው፣ ሳያነብ የሚመልሰው። በመጨረሻም ቴንግ ዩ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቴንግ ዩ ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ ስትጠየቅ የጸጉሯን ጫፍ በጣቷ ትጠመጥማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ደወል ይደወላል።

ላንፋንግ ወረቀቱን አጠፈችው። ሌላ ዝግጅት እንደማያስፈልጋት ያወቀችው በዚያ ቅጽበት ነው።

የክፍሉ በር ሲከፈት ዳኞቹ ልክ ታንግ እንደ ተናገረው ነበሩ። የሊቀ መንበሩ የፕሮፌሰር ሊያንግ ግራ ጉንጭ የቀርከሃውን ትራስ ጥለት አንድም ሳያስቀር ተቀብሎታል። ሁለቱ ዳኞች በየተራ ያዛጋሉ፤ አንዱ ከመተላለፊያው ዳር ተቀምጦ እግሩን ዘርግቷል። ፕሮፌሰር ሱ ብቻ ቀጥ ብለው፣ ብዕራቸውን አሹለው ተቀምጠዋል፤ በግቢው ቀትር የማይተኙት እርሳቸው ብቻ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ተማሪዎቹም ከዚህ የተነሣ ይፈሯቸዋል።

«ተወዳዳሪ ስምንት ነኝ» አለች ላንፋንግ፤ ወደ ወንበሮቹም ዞረች።

በልቧ ስማቸውን ጠራች። እነርሱም ገቡ። ዳሃይ እንደ ልማዱ ኋላ ሄዶ ተቀመጠና አንድ እግሩን ወደ መተላለፊያው ለቀቀ።

«ዳሃይ፣ እግርህን ሰብስብ» አለችው በእንግሊዝኛ፤ «ሰው ይጠለፍብሃል።»

ከመተላለፊያው ዳር የነበረው ዳኛ ደንግጦ የራሱን እግር ሰበሰበ።

ላንፋንግ አላየችውም። ድምፅዋ የትንኝ ድምፅ አልነበረም፤ በናፖ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ድምፅዋ ነበር። ጽሑፉን አነበበች፤ አዲሶቹን ቃላት በሰሌዳው ጻፈች፤ «ሾፌሩ ለምን ቆመ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ እጅ ወጣ።

«እሺ ዳሃይ።» ጥቂት አዳመጠችና ሳቋ አመለጣት። «ሴትዮዋ ቆንጆ ስለሆነች? ዳሃይ፣ ሴትዮዋ ሰባ ዓመቷ ነው! አላነበብክም ማለት ነው። ሁለተኛውን አንቀጽ ለጓደኞችህ ጮክ ብለህ አንብብልን።»

ፕሮፌሰር ሊያንግ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ከእንቅልፋቸውም ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነቁ።

ላንፋንግ ዳሃይን እያረመች በወንበሮቹ መካከል ስታልፍ ወደ መስኮቱ ደረሰች። የከሰዓቱ ፀሐይ በሦስተኛው ረድፍ ባለ አንድ ወንበር ላይ አርፋ ነበር። ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። መጋረጃውን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችውና ጥላውን በወንበሩ ላይ ጣለች።

«ተዋት፣ ዳሃይ» አለች በሹክሹክታ። «ከንጋት በፊት ነው የተነሣችው። ስትነቃ እኔ እነግራታለሁ። እናንተ ግን ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።»

ከዚያ ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በሹክሹክታ ተሰጠ። ጥያቄው በሹክሹክታ፣ እርማቱ በሹክሹክታ፣ ሳቁም በእጅ ታፍኖ ሆነ። ፕሮፌሰር ሊያንግ ሻያቸውን ጠጥተው ክዳኑን ሲመልሱ፣ ብረቱ እንዳይጮኽ በጣታቸው ደግፈው መለሱት። ያዛጉ የነበሩት ዳኞች ወደ ፊት ዘንበል አሉ። በዚህ መካከል የፕሮፌሰር ሱ ብዕር ከጠረጴዛው ተንከባልሎ በሲሚንቶው ላይ ወደቀና ቀጭ አለ። ፕሮፌሰር ሱ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ወደ መስኮቱ ወንበር ተመለከቱ። ከዚያም የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር። ላንፋንግ ወደ ጥጉ ዞረች።

«ቴንግ ዩ፣ ሾፌሩ አሮጊቷን ጠበቃት፤ ሌሎቹ ግን በእርሷ ምክንያት ዘገዩ። አንቺ ምን ትያለሽ? ልክ ነበር?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ላንፋንግ ያን ያለፈውን ዝምታ ዐወቀችው፤ ያው ራሱ ነበር፤ የዳኞቹም ሳቅ በጆሮዋ ተመልሶ መጣ። «በጣም ጥሩ፣ ቁጭ በይ» ብላ ማለፍ ትችላለች፤ ማንም አይወቅሳትም። ሰዓት ያዡ አንድ ደቂቃ መቅረቱን የሚናገረውን ካርድ ከፍ አደረገ። ትምህርቱ ማጠቃለያ ይፈልጋል፤ የቤት ሥራ ይፈልጋል፤ ለሁለቱም ነጥብ አለው። ነገር ግን ቴንግ ዩ የጸጉሯን ጫፍ በጣቷ እየጠመጠመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን ያቋርጣል? ላንፋንግ ጠመኔዋን ይዛ፣ ፊቷን አለስልሳ ጠበቀች።

ደወሉ ተመታ።

«ተወዳዳሪ ስምንት» አሉ ፕሮፌሰር ሱ፤ ብዕራቸውን አንሥተው ነበር። «ማጠቃለያ የለም። የቤት ሥራ የለም። በደንቡ መሠረት ነጥብ ይቀነሳል።»

«አዎን፣ ይቀነስ።»

«ሙሉ ደቂቃውን ዝም ብለው ነው ያሳለፉት። ማንን ነበር የሚጠብቁት?»

«ቴንግ ዩን።»

«ይህች ልጅ በእውነት አለች?»

«አለች።»

«የት?»

ላንፋንግ አፏን ከፍታ ዘጋችው። «የመጣሁበትን ቦታ እንዳልናገር ደንቡ ይከለክለኛል።»

ዳኞቹ ሳቁ፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት እንደ ሳቁት አልነበረም፤ ሁሉም አፋቸውን ይዘው ነበር የሳቁት። ፕሮፌሰር ሱ ብቻ አልሳቁም።

«እንግዲያውስ ደወሉ ባይደወል ኖሮ ምን ብላ ትመልስ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ላንፋንግ። «ባውቅማ ለምን እጠብቃት ነበር?»

ፕሮፌሰር ሱ በፊታቸው ባለው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፈው ገለበጡት። ላንፋንግ እጅ ነሥታ ወጣች። ከክፍሉ እንደ ወጣች በደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማጠቃለያው፣ የቤት ሥራው፣ የሄደው ነጥብ አንድ በአንድ ታሰባት፤ ቺንቺንም ታሰበቻት። «ለአንዲት ልጅ ዝምታ ብዬ ልጄን አጣኋት ማለት ነው» አለች በልቧ። ይሁን እንጂ ሥራዋን ደግማ ብታስበው፣ ቴንግ ዩን የምታቋርጥበትን ቦታ አጣችው።

ጥቂት ቆይቶ ታንግ ዙዎ ክራቫቱ ዞሮ፣ ዓይኑ ፈጦ ወጣ።

«እትዬ! ሰዎቹን ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምን ሆኑ? ተኝተው አገኘሃቸው?»

«ምን ተኝተው! ገብቼ ‹ጤና ይስጥልን› ብል ሁሉም ‹እሽሽ!› አሉኝ። ቦርሳዬን በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላስቀምጥ ስል ፕሮፌሰር ሱ ‹እዚያ አይሆንም፣ ሰው አለ› አሉኝ! ሰው የለም እኮ፣ እትዬ! ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም! ሊቀ መንበሩ ደግሞ ሰሌዳውን ሊያዩ ሲነሡ ያን ወንበር ዞረው ነው ያለፉት። ተጨንቄ እኔም ትምህርቱን በሙሉ በሹክሹክታ አስተማርኩ።»

ላንፋንግ እስኪያማት ሳቀች። ታንግም መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ነገሩን ስትነግረው እርሱም በደረጃው ላይ ተቀምጦ አብሯት ሳቀ። «እኔም እኮ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሳላስበው ለዚያች ልጅ ብዬ ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት።»

ማምሻውን ውጤቱ በአዳራሹ ተነበበ። ፕሮፌሰር ሊያንግ መነጽራቸውን አድርገው ቆሙ፤ በጉንጫቸው ላይ የነበረው ጥለት እየደበዘዘ ነበር። አንደኛ ተወዳዳሪ ዘጠኝ ወጣ፤ ታንግ ዙዎ «እኔ?» ብሎ ዙሪያውን አየ። ሁለተኛውን ከመጥራታቸው በፊት ፕሮፌሰሩ ወደ ፕሮፌሰር ሱ ዞር አሉ።

«ሁለተኛዋ ማጠቃለያ ባለመስጠቷ ነጥብ ተቀንሶባታል» አሉ። «ቢቀነስም ከቀሪዎቹ በልጣ ተገኝታለች። ተወዳዳሪ ስምንት።»

ያቺ ከረሜላ የሰጠቻት ሴት የላንፋንግን ክንድ ይዛ አነሣቻት። ሕዝቡ ሲበተን ፕሮፌሰር ሱ በበሩ ጠበቋት።

«አሁን ደንቡ አይከለክልዎትም» አሉ ቀስ ብለው። «ከየት ናቸው ልጆቹ?»

«ከናፖ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ቴንግ ዩ የመለሰችልዎት ቀን ለእኔም ይንገሩኝ» አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ላንፋንግ እርሳቸውን ፈርታ አታውቅም።

ፀሐይ በባሕሩ ላይ ስታዘቀዝቅ ቤቷ ደረሰች። እማማ ሞ በዚያችው በርጩማ ላይ ነበሩ፤ ዳገቱን እንደ ወጣች ፊቷን አዩት።

«ሰሙሽ?» አሉ ብቻ።

«ሰሙኝ፣ እማማ።»

እማማ ሞ በእርጥብ እጃቸው አማተቡ፤ ውኃው ግንባራቸውን አርሶ በአፍንጫቸው ላይ ወረደ። ጂያሼንግ ከጓዳ እየሮጠ ወጥቶ ሊያቅፋት ሲል በአንዱ ወንበር ተደናቀፈ፤ ወንበሮቹ ከትናንት ጀምሮ አልተነሡም ነበርና።

ላንፋንግ ከሁሉ አስቀድማ ወደ ናፖ ደወለች። ቴንግ ዩ ለዕረፍት በቤቷ ነበረች። ላንፋንግ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ከመስከረም ጀምሮ በበይሃይ እንደምትሆንም አልደበቀቻትም። ልጅቱም «ለዳሃይ አሁን አልነግረውም፣ መምህርት» አለች። «ያለቅሳል። ሲያለቅስ ደግሞ ድምፁ ያስቃል።»

«እሺ፣ አትንገሪው። አንድ ጥያቄ ግን አለብሽ። ዛሬ ጠይቄሽ ሳትመልሺ ደወል ተደወለ።» የአሮጊቷንና የሾፌሩን ታሪክ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። «ልክ ነበር ወይ?»

በስልኩ ውስጥ የሩቅ ዶሮ ድምፅ ተሰማ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ተኛች እንዴ?» አሉ እማማ ሞ በሹክሹክታ።

«እያሰበች ነው፣ እማማ። ቆይ።»

ያን ጊዜ ቴንግ ዩ ተናገረች። ቃሉን አንድ በአንድ፣ በድንጋይ ላይ እየዘለለች ወንዝ እንደምትሻገር ልጅ አስቀመጠችው። «ሾፌሩ… ልክ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ሴትዮዋ ግን… ትንሽ ብትሮጥ ምን ነበረበት!»

ላንፋንግ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ቃሉን ለቤተሰቡ ብትተረጉምላቸው እማማ ሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ሰባ አልፎኛል፤ ለአውቶቡስ እሮጣለሁ።»

ወዲያው ቺንቺን ከጎረቤት ቤት ስትመጣ እናቷን በመካከል ተቀምጣ፣ ወንበሮቹንም በረድፍ እንዳሉ አገኘቻቸው። ከሁሉ ፊት ባለው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ዛሬ የምን በዓል ነው?»

«ምንም በዓል አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ?»

«እንዲሁ ነው። ተራ ቀን ነው።»

ቺንቺን ነገሩን ጥቂት መረመረችው። «ነገስ?»

«ነገም ተራ ቀን ነው። ከነገ ወዲያም። አብረን ነን።»

ልጅቱ ከወንበሩ ዘላ ወረደችና ወደ ደጃፉ ሮጠች። «አያቴ! አያቴ! ነገም ተራ ቀን ነው!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እማማ ሞ፣ ዘንጋቸውን ወደሚቀጥለው ትል እየሰደዱ።